ማሪት ስብሰባውን የዘጋች ዕለት

ለምሳሳልሽ እህቴ ለእትዬ አስትሪድ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ሲበርድ የሚነሳብሽ የትከሻ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስትበልቺ ውለሽ ማታ ታቃስቻለሽ? ባልሽ ሎይድስ? ጀልባው ወጣች ወይስ እሷም እንደኛ በሽታውን ፈርታ ወደብ ላይ ተኮራምታ ተቀመጠች? ቶቫ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እንዴት ናት? አማትሽ ወይዘሮ አዮን አሁንም ጭምብሉን አገጫቸው ላይ አንጠልጥለው «ይኸው አድርጌአለሁ» ይላሉ? እኔ ደህና ነኝ። አያስለኝም፣ አያተኩሰኝም፣ ሽታም አልጠፋብኝም። የታመመው ትዕግሥቴ ብቻ ነው፤ እሱ ግን ክፉኛ ነው የታመመው።

«በስክሪን እንተያይ» ብለሽ መልእክት ልከሽልኝ ነበር። እትዬ፣ በሞቴ ተይኝ። ከማርች ወዲህ የሰው ልጅን በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ ሳየው ነው የምውለው። ያንቺንም ፊት እዚያ ውስጥ ማየት አልፈልግም። የዚያ ደሴታችሁ ኔትወርክ ደግሞ አንድ ቃል ተናግረሽ አፍሽን እንደከፈትሽ ያደርቅሻል፤ እኔም እዚህ ሆኜ ጥርስሽን ስቆጥር ልቀመጥ ነው? ደብዳቤ ይሻለኛል። ደብዳቤ ላይ «ትሰሚኛለሽ? እኔ እሰማሻለሁ፣ አንቺስ?» የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ፎርማናችሁ ሰዓታችሁ ካለቀ በኋላ «ትንሽ ብቻ ቆዩልኝ» እያለ ያስቀራችኋል፣ አንቺም ትቀሪያለሽ። በዚህ በሽታ ጊዜ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግታችሁ! ለምን «አይ» አትዪውም? ድሮም እንዲሁ ነበርሽ። አክስት ኢንገር ድንች በድንች ላይ ሲቆልሉብሽ ሆድሽ እስኪነረት ትበያለሽ እንጂ «በቃኝ» የሚለው ቃል ካፍሽ አይወጣም ነበር። እመለስበታለሁ። አሁን የኔን ጉድ ስሚ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ለሰው ስንናገር የባህሪ ባለሙያ ነን እንላለን፤ አባባ ግን እስኪሞት ድረስ «ሲግኒ ልጆችን በከረሜላ ታሠለጥናለች» ይል ነበር። ነፍሱን ይማረውና ብዙም አልተሳሳተም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጁ አንዲት ትንሽ ነገር በትክክል ባደረገ ቅጽበት፣ ያኔውኑ፣ ሳልውል ሳላድር፣ የሚወደውን ነገር እሰጠዋለሁ። ምስጢሩ ያቺ ቅጽበት ናት። ካለፈች አለፈች፤ ሽልማቱ ዘግይቶ ከመጣ ልጁ የሚማረው ሌላ ነገር ነው። ይህንን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል።

አለቃችን ዶክተር ዊትኮም ግን ረሳው። ክሊኒኩ በተዘጋ ማግስት ወደ ሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዕረፍት ቤቱ ሄደና ከዚያ ሆኖ «ሙያችንን ግድግዳ አይገድበውም!» ብሎ አወጀ። እሱን ግድግዳ ገድቦት አያውቅማ፤ ከመስኮቱ ውጪ ሐይቅ ነው። ከጀርባው ግን የመጻሕፍት መደርደሪያ ሥዕል አድርጓል። የውሸት መደርደሪያ ስለሆነ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ጆሮው መጻሕፍቱ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እኛ ሠራተኞቹ በቁም ነገር ፊት ተቀምጠን የጆሮውን መመለስ እንጠባበቃለን።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ? ኮከብ ጀመረልን። እሺ ብሎ ካሜራውን ለከፈተ ኮከብ፣ በሰዓቱ ለገባ ኮከብ፣ «በአዎንታዊ ስሜት» ለተናገረ ሁለት ኮከብ። ዐዋቂ ሰዎች እኮ ነን፤ ልጆች ያሳደግን፣ ፀጉራችን የሸበተ። «ሲግኒ፣ ዛሬ ፈገግ ብለሻል፣ ኮከብ!» ሲለኝ ያቺ ፈገግታዬ እዚያው ሞተች። ደግሞ ይህ ሁሉ ሊቅነት እያለው የስብሰባውን በር መክፈት አይችልም። ልመናው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሲግኒ፣ እባክሽ ክፈቺልኝ፣ ይኼ ነገር አስቸገረኝ።» ስለዚህ ሁልጊዜ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ የምዘጋውም እኔ። ይህችን ነገር ያዢልኝ።

አሁን ስለ ማሪት ልንገርሽ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ እንደ ገለባ ነጭ፣ ጉንጯ ሁልጊዜ ቀይ። አትናገርም። እናቷ ክሪስታ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሱቋ በበሽታው ምክንያት ተዘግቶ ቤት ውላለች። አያቷ ቶይቮ የብረት አፈር በሚጭኑ መርከቦች ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝምታቸው ከማሪት ይብሳል። ባስተር የሚባል ሆዳም ውሻም አላቸው። ማሪት እኛ ዘንድ ለመግባት ዓመታት ወረፋ ጠብቃለች፤ በመጪው መኸር ደግሞ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ከኛ ከወጣች ወረፋውን ከጅራቱ ትጀምራለች ማለት ነው፤ ያለ አንዲት ቃል፣ ያለ አንድ ምልክት፣ ከማታውቃቸው ልጆች መሀል ትጣላለች።

ከእሷ ጋር ክረምቱን በሙሉ የታገልነው በአንድ ካርድ ነው። ቀይ ነው፤ የተዘረጋ እጅ ተሥሎበታል፤ «በቃኝ» ማለት ነው። ሲሰለቻት፣ ሲያማት፣ ድምፅ ሲበዛባት ከምትነክስና ራሷን ከምትመታ ያንን ካርድ እንድትሰጠን ነበር ድካማችን። ምን ያላደረገችው ነገር አለ? አኝካዋለች፣ ጫማዋ ውስጥ ከታዋለች፣ ለባስተር ሰጥታዋለች፤ ለኛ ግን አንድም ቀን ሰጥታን አታውቅም። የዚህ ካርድ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ያስተማረኝም ራሱ ዊትኮም ነው፣ ያኔ ጆሮው ሁለት እያለ። «ልጅ ማንም ሳይገፋት፣ በራሷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ‘በቃኝ’ ባለች ዕለት ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ በቃ ይባልላታል፤ ያልተሰማ ቃል ተመልሶ አይመጣም» ይለን ነበር። በወርቅ የሚጻፍ ቃል ነው። ተናጋሪው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ስክሪኑ መጣና ድካማችንን ሁሉ ገለባበጠው። መጀመሪያ «ከረሜላውን በስክሪን አሳዩአቸው» አለን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ አይደለም? ልጅቷ ስክሪኑን ልሳ ልሳ ምንም ስታጣ አለቀሰች። ከዚያ ከረሜላው ለክሪስታ ተሰጠና እኔ «ጎበዝ!» ስል እንድትሰጣት ተባለ። ድምፄ ግን በኢንተርኔት ሲጎተት፣ ሲጎተት ይደርሳል። «ማሪት፣ ኩባያውን ንኪ» እላለሁ፤ ትነካለች። «ጎበዝ!» እላለሁ። ጎበዜ በየመንገዱ ሲያርፍ ማሪት ኩባያውን አንስታ ትወረውረዋለች፤ ልክ ወለሉ ላይ ሲከሰከስ የኔ «ጎበዝ!» ቤቱን ይሞላዋል፣ ከረሜላውም ይመጣል። ልጅቷ ምን ትማር? በሳምንቱ ውስጥ የቤቱ ኩባያ ሁሉ አለቀ። አባባ ቶይቮ ቡናቸውን በማርማላታ ጠርሙስ መጠጣት ጀመሩ። ባስተር ደግሞ የወደቀውን ከረሜላ እየለቀመ ከሁሉም ቀድሞ ነገሩ ገባው፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ አሁን ድምፄን በሰማ ቁጥር ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። በዚህ ወረርሽኝ ውስጥ በደንብ የሠለጠነ ተማሪ ማን ነው ብትዪኝ ባስተር ነው።

ለዊትኮም ነገርኩት። «ችግሩ ድምፁ መዘግየቱ ነው፤ በስክሪን ማመስገኔን ልተውና እናትየዋ ራሷ ታመስግናት» አልኩት። ጆሮው መደርደሪያው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ይሁን አላውቅም፣ የሰማኝ አይመስለኝም። «ልጅቷ ላይ የመወርወር ባህሪ ተባብሷል» ብሎ ጻፈ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ኢንተርኔቱ ላጠፋው ጥፋት ማሪት ተከሰሰች።

ከዚያ ማሪት አዲስ ነገር አመጣች። ጥቂት ትሠራለች፣ እኔን ታየኛለች፣ ከዚያ መዳፏን ዘርግታ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። አትጮህም፣ አትናከስም፣ ዝም ብላ ትዘጋኛለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ መጀመሪያ ጊዜ ጨለማው ስክሪን ላይ የራሴን ፊት ሳይ ሳቄ መጣ። «ይህቺ ልጅ እኮ እየተናገረች ነው» አልኩ። ክሪስታም ደውላ «ምን ላድርግሽ፣ እኔም ብሆን እዘጋሽ ነበር» አለችኝ። ክሪስታ እንደዚህ ናት። በትምህርቱ መሀል መስኮቱ ጋ ሄዳ ታጨሳለች፣ «አላየሽም» ትለኛለች፣ ጭሱ ግን በካሜራው ፊት ሲያልፍ ይታየኛል።

ዊትኮም የትምህርቱን የቪዲዮ ቅጂ አይቶ ምን እንዳለ ገምቺ። «ሽሽት ነው። ለሽሽት አንሸነፍም። እናትየዋ ክዳኑን በእጇ ትያዝ፣ ልጅቷ የጀመረችውን ሳትጨርስ አይዘጋም።» ተከራከርኩት። «ዶክተር፣ ከዘጋችን ደክሟታል ማለት ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያስተማርናት ይህንኑ አይደለም?» ብዬ ስጠይቀው «ሲግኒ፣ ስሜታዊ ሆነሻል፣ አንድ ኮከብሽን ለጊዜው እይዘዋለሁ» አለኝ። እትዬ፣ ያቺን ኮከብ በየት በኩል ልስጠው ብዬ አሰብኩ፤ ለእህት የሚጻፍ ስላልሆነ እተወዋለሁ።

ክሪስታ ክዳኑን ያዘች። ማሪት መጀመሪያ ገፋች፣ ከዚያ በሁለት እጇ ገፋች፣ ከዚያ የእናቷን እጅ ነከሰች። ደም ወጣ። ማሪት ጠረጴዛው ሥር ገብታ ግንባሯን ከእግሩ ጋር ታጋጨው ጀመር። እኔ ከከተማው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ «ልቀቂው፣ ክሪስታ፣ ልቀቂው!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ድምፄ እንደለመደበት ዘግይቶ ደረሰ። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ምንጣፉ ላይ ብሆን ኖሮ በእጄ መዳፍ ግንባሯን እይዝላት ነበር። ክሪስታ እጇን በፎጣ ጠቅልላ ካሜራው ላይ ፊቷን አስጠግታ «ለዶክተርሽ ንገሪው፤ መጥቶ የራሱን እጅ ያስነክስ! ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ማዘዝ ማን አቃተው? እኔ ከእንግዲህ ልጄን ለኮምፒውተር ብዬ አልይዝም፣ በቃ!» አለችኝ።

ነገርኩት። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቤተሰቡ አይተባበርም፤ ልጅቷም ለርቀት ሥራ የምትመች አይመስለኝም። ቦታውን ወረፋ ለሚጠብቅ ልጅ ብንሰጠው ነው ፍትሐዊ የሚሆነው» አለ። ፍትሐዊ! ከዚያም የባሰውን ጨመረበት። ዓርብ ዕለት ለሥራችን ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች መጥተው ያዩናል፤ ማሪት እነሱ ፊት ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ከጨረሰች ትቆያለች፣ ካቋረጠች ያኔውኑ ከዝርዝሩ ትወጣለች፤ «እንዴት በጥንቃቄ እንደምንመርጥም ያያሉ» አለ። ልጅቷን እንደ ገበያ በግ ጥርሷን ገልጦ ሊያሳይ ነበር ያሰበው።

እኔና ክሪስታ መከርን። ያ ቀይ ካርድ ከመሳቢያ ወጣ። ክሪስታ በማጣበቂያ ላፕቶፑ ክዳን ጫፍ ላይ፣ ልክ የማሪት መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለጠፈችው። ማሪት ልትዘጋ እጇን ስትሰድ አባባ ቶይቮ ከኋላዋ ሆነው እጇን ወደ ካርዱ ይመሩላታል፤ ካርዱን ወደኔ ታዞራለች፤ እኔ ወዲያው እዘጋለሁ። ድምፅ የለም፣ ጎበዝ የለም፣ ከረሜላ የለም። ሽልማቱ የኔ መጥፋት ነው። መጥፋት ደግሞ በዚህ ኢንተርኔት ላይ ሳይዘገይ የሚደርስ ብቸኛው ነገር ነው! እስከ ዓርብ በየቀኑ ሞከርን። አያትየው ካልመሯት ግን በራሷ አንድም ቀን አላነሳችውም። አባባ ቶይቮ «ጊዜ ትፈልጋለች» አሉኝ። ከርሳቸው አንደበት እንደ ረጅም ንግግር የሚቆጠር ነው። ጊዜ ግን አልነበረንም።

ዓርብ ደረሰ። እንደተለመደው «ክፈቺልኝ» አለኝና ከፈትኩለት። ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዷ ወይዘሮ ሃልዶርሰን የሚባሉ ናቸው፤ ድመታቸው በስክሪኑ ፊት ጅራቷን እያወዛወዘች ትመላለሳለች። ሌላው ሰውዬ ካሜራውን ዘግቶ ሾርባ ይጠጣል፤ ድምፁን መዝጋት ስላልቻለ ሁላችንም አብረነው ጠጣን። ማሪት ተቀመጠች። አባባ ቶይቮ በር ላይ ቆሙ፤ ዊትኮም «ከልጅቷ በስተጀርባ ሰው እንዳይኖር፣ ካሜራ ላይ አያምርም» ብሎ አባሯቸው ነበርና። የጠየቅኳትን ሁለት ነገር በደንብ ሠራች። ክሪስታ በደስታ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም «ኧረ ልታልፍ ነው» አልኩ በልቤ።

ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዊትኮም ንግግር ጀመረ። መናገር ያለበት እኔ ስጨርስ ነበር፤ እሱ ግን ሰው ሲያየው ዝም ማለት አይችልም። ስለ ራዕዩ አወራ፣ ስለ ሙያው ዘመን አወራ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አወራ፤ ባስተር ይጮኻል፣ ሾርባው ይማጋል፣ ድመቲቱ ሚያው ትላለች። ማሪት ጆሮዋን ያዘች። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ንክሻ ነው። እጇን ወደ ክዳኑ ሰደደች። መዳፏ ካርዱ ላይ አረፈና ቆመ።

ማንም አልነካትም፣ እትዬ። ክሪስታ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋለች፣ አያትየው በር ላይ እንደ ምሰሶ ደርቀዋል። ማሪት ካርዱን ላጠችው። አየችው። ከዚያ ወደ ካሜራው አስጠጋችው፣ አስጠጋችው፤ ስክሪኔ በሙሉ ቀይ ሆነ።

ዊትኮም «አንዴ የኔ ቆንጆ፣ ይህችን ልጨርስ» አለ።

እጄ ማውሱ ላይ ነው። ከዘጋሁት ትምህርቱ ተቋረጠ፤ በእሱ ፍርድ ማሪት ከዝርዝሩ ወጣች፣ ወረፋው ከጅራቱ ይጀምራል፣ መኸርም ይመጣል። ካልዘጋሁት ግን ቦታዋ ይተርፍላታል፤ ያቺ ካርድ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ፕላስቲክ ናት። ክረምቱን ሙሉ ለምነናት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ የሰማችው መልስ «ይህችን ልጨርስ» ነው። ስክሪኑ ገና ቀይ ነው። ትጠብቃለች። ማሪት ጠብቃ አታውቅም ነበር።

ዘጋሁት። በሩን ጠርቅሜ ዊትኮምን ከነጆሮው፣ ወይዘሮዋን ከነድመታቸው፣ ሰውዬውን ከነሾርባው አስወጣኋቸው። ቤቴ ጭር አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስልኬ ወዲያው ጮኸ። «አፌ ላይ ዘጋሽብኝ!» አለኝ፤ የሚጮኸው ለኔ ይሁን ለሐይቁ እንጃ። «እኔ አይደለሁም ዶክተር፤ ልጅቷ ናት የዘጋችው። እኔ ታዝዤ ነው» አልኩት። «በገንዘብ ሰጪዎች ፊት!» አለ። «ቤት ቢቃጠል እንኳ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አልኩት። ትንሽ አፍሮ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። «ኮከቦችሽን በሙሉ አንስቻለሁ» አለኝ። እህቴ፣ ይህ ሰው ዶክተር ነው። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ጢም አውጥቶ ነው ይህን የሚናገረው።

ያን ቅዳሜና እሑድ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷን አድኛት ይሁን አጥፍቻት አላወቅኩም። ክሪስታ መልእክት ትልክልኛለች፤ ማሪት ካርዱን ይዛ ቤቱን ትዞረዋለች። ገንፎ ሲጨመርላት ካርዱን ሰጠች። አያቷ አኮርዲዮናቸውን ሲያወጡ ካርዱን ሰጠች፤ ሽማግሌው በዝምታ መልሰው ከሳጥኑ ከተቱት። ባስተር ሲጮኽ ለባስተርም ሰጠችው፣ እሱ ግን ሕግ አያውቅም፣ በላው። ክሪስታ ሌላ ሠራችላት። «በቤታችን ንክሻ የለም፤ ሁላችንም ግን በቀን አሥር ጊዜ እንባረራለን» ብላ ጻፈችልኝ።

ሰኞ ዊትኮም ጠራኝ። ፊቱ እንደ ሠርገኛ በርቷል። ለካ ወይዘሮ ሃልዶርሰን ጽፈውለት ኖሯል፤ «ዘንድሮ ከገባሁበት ስብሰባ ሁሉ ማለቅ ባለበት ሰዓት ያለቀ ይህ ብቻ ነው፤ ያችን ልጅ እንደገና ማየት እንፈልጋለን» ብለው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንደዚያ እንዲሆን አስቀድሜ ያቀድኩት ነበር» ብሎ መልሶላቸዋል! «በርቀት ያስተማርናት ልጅ» እያለ በየስብሰባው ይሰብክባታል። ለኔ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጠኝ፣ ለራሱ ምስጋና ጻፈ። ይሁንለት። ማሪት ቦታዋን አላጣችም። እሱን መናቄ ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም አሁን ተዝናንቼ ነው የምንቀው።

የመጨረሻውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ከማሪት ጋር ተገናኘን። ናፍቃኛለች፤ ከማርች ወዲህ ያቺን ቀይ ጉንጯን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሳያት አላስቻለኝም፤ «የኔ ጀግና፣ የኔ አንበሳ፣ እንዴት ኮራሁብሽ!» እያልኩ ሥራዬንም ሙያዬንም ረስቼ ለፈለፍኩ። ዓይኔ ዓይኗ ላይ ነው። ማሪት ትንሽ ታገሠችኝ። ከዚያ ካርዱን አነሳችና ወደኔ አስጠጋችው። ስክሪኔ ቀይ ሆነ።

አንድ ቃል ብቻ ልጨምር ፈልጌ ነበር፣ እትዬ። አንድ ቃል። ሳልጨምር ዘጋሁት። ጨለማው ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ እንደ ሞኝ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

እንግዲህ እመለስበታለሁ ያልኩሽ የፎርማናችሁ ነገር እዚህ ደረሰ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቀይ ካርድ አስቀምጬልሻለሁ። እጁን የሣልኩት ራሴ ነኝ፣ ጣቶቹ ካሮት ይመስላሉ፣ አትሳቂብኝ። ፎርማናችሁ ሰዓት ካለቀ በኋላ «ትንሽ ብቻ» ሲል አፍንጫው ድረስ አስጠጊለት። የስድስት ዓመት ልጅ የቻለችውን አንቺ አያቅትሽም።

ሎይድን ባሕሩ ላይ ልብሱን ደራርቦ እንዲለብስ ንገሪልኝ። ቶቫን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ኮከብ የሌላት ሴት ሆናለች በያት። ለወይዘሮ አዮን ጤና ይስጥልኝ፤ ጭምብሉ የሚደረገው አፍንጫ ላይ ነው በያቸው፣ ከኔ የመጣ ነው ብለሽ። ለጎረቤትሽ ለፔግ፣ ለዚያች አንድ ዓይና ድመታችሁም ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤው ከረዘመብሽም ካርዱ በእጅሽ ነው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ ሲግኒ

ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ
ሜይ 24 ቀን 2020